የክርስትና ስሟ ማን ነበር?

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። የቸኮለ ማታ ይመለስበት። ሊሳደብ የመጣም ቢሆን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሳደብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የማከብረው ወዳጄ የብላክ ፓንተርን ምስል ለጠፈና ከሥሩ «ዋካንዳ ተረት አይደለም፤ ዋካንዳ እኛ ነን። በቅኝ ያልተገዛን!» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ጎረፈ። እኔም ገብቼ «መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሱ ሳይመልስ አንድ የድሮ ተማሪዬ ቀደመውና «ቲቸር ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ የልጆች ሥዕል ማየት ጀመሩ?» ብሎ የሳቅ ምልክት ደረደረ። እዚያው ልመልስ ጀምሬ ተውኩት። በአንድ መስመር የሚያልቅ አልሆነልኝም። መልሴ ይኸው።

አዎ፣ አነባለሁ። መጽሐፉን ውጭ አገር የሚኖር ሌላ የድሮ ተማሪዬ በሰው እጅ ፍኖተ ሰላም ድረስ ላከልኝ። እንግሊዝኛ ነው፤ ባለሥዕል ልቦለድ፣ እነሱ ግራፊክ ኖቭል የሚሉት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ እኔም ንቄው ነበር። ጽሑፉን ብቻ እየለቀምኩ ሥዕሉን እየዘለልኩ አንድ ምሽት ሙሉ አነበብኩና ምንም አልገባኝም። በሁለተኛው ምሽት መብራት ጠፋ። በስልክ ባትሪ አንዱን ሣጥን ካንዱ ሣጥን እያያዝኩ ቀስ ብዬ ሳየው ነው ነገሩ የተከፈተልኝ። ለካ ግማሹ ታሪክ የተጻፈው በሥዕሉ ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ በትንንሽ ሣጥን ከፋፍለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬዱ የሚሥሉት የእኛው ሠዓሊዎች አይደሉም? የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ፊደል ለማያውቅ ሰው ስንት ዘመን ሲነበብ ኖረ? ስለዚህ «የልጆች ሥዕል» የሚለውን እዚህ ላይ ዘጋሁት። ወደ ዋናው ጉዳይ።

ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ብላክ ፓንተር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ፤ ሁለቱም ነጭ አሜሪካውያን። በሌላ ተከታታይ መጽሔት ውስጥ በእንግድነት ነበር የገባው። ዋካንዳ የምትባል ማንም ያልገዛት፣ ቪብራኒየም በሚባል ማዕድን የበለጸገች፣ በሳይንስ ዓለምን የቀደመች አፍሪካዊት አገር፤ ንጉሧም ትቻላ። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ ከአንዱ ደራሲ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። ብዙዎቻችን ያወቅነው ግን በ2010 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ነው። ያን ጊዜ የፍኖተ ሰላም ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ፎቶ ሲነሡ አይቻለሁ።

ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ዓለም ሁሉ ዋካንዳን ሲያወድስ፣ መጽሔቱን ይጽፍ የነበረው ታነሂሲ ኮትስ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ። ኮትስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች የተወለደ። ሥዕሉ የዳንኤል አኩኛ ነው። የምዕራፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዋካንዳ የከዋክብት ግዛት» እንደማለት ነው። ተማሪዬ የላከልኝ ይህንን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይሄዳል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጥቂት ዋካንዳውያን በሩቅ ሕዋ ውስጥ ሰፍረዋል። መጀመሪያ ራሳቸውን ከጠላት ለመከላከል ተዋጉ። ከዚያ ጠላት እንዳይመጣባቸው ቀድመው ተዋጉ። ከዚያ በቃ መዋጋት ለመዱ። መጨረሻ ላይ ጋላክሲ የሚሻገር ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ሆኑ። የገዟቸውን ሕዝቦች ምን አደረጓቸው? ባሪያ አደረጓቸው። ትዝታቸውን ወሰዱባቸው፤ አገራቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ እናታቸውን እንዳያስታውሱ። ስማቸውንም ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፉ የሚጠሩት «ስም የለሾች» ተብለው ነው። መጽሐፉ ሲጀምር የምናየው ማዕድን ሲቆፍር የሚውል አንድ ስም የለሽ ሰው ነው። ያ ሰው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ትቻላ ነው፤ የዋካንዳ ንጉሥ። በዋካንዳ ስም ባሪያ ሆኗል፣ ማን እንደሆነም አያውቅም። ስሙን የሚመልሱለት ያመለጡ ባሮች ናቸው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ደጅ ወጣሁ።

አስቡት እስቲ። ይህ ደራሲ ዋካንዳን በወርቅ ቀብቶ ማለፍ ይችል ነበር። ገበያውም የሚፈልገው ያንን ነበር። አያቶቹ በባርነት የተሸጡ ሰው «ያልተሸጠች አፍሪካ» ብሎ ቢያልም ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን «ማንም ያልገዛው ሕዝብ ጉልበት ሲያገኝ እሱስ ማንን ይገዛል?» ብሎ ጠየቀ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከእሱ በፊት የተጻፈውን መሰረዝ አይችልም። ለብዙ ዓመት የሚቀጥል ታሪክ እንደ ውርስ ቤት ነው፤ አባቶች ሠርተውታል፣ አታፈርሰውም። ግን ግድግዳውን ብቻ ቀለም እየቀባህ ትኖራለህ፣ ወይስ ወለሉን ቆፍረህ ከሥር የተቀበረውን ታወጣለህ? ኮትስ ቆፈረ። ቤቱም አልፈረሰም። እንዲያውም እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልገባበት የቻልኩት እሱ ስለቆፈረው ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። «ዋካንዳ እኛ ነን» ካላችሁ እሺ፣ እኛ ነን። እንግዲያው ሙሉውን እንሁና!

የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ታውቃላችሁ። ዓድዋን ሳስተምር ድምፄ እስኪዘጋ እንደማስተምር ትመሰክራላችሁ። ዛሬም አንዲት ቃል አልቀንስም። ነገር ግን በዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ከኢናርያና ከጅማ ተነሥቶ፣ በጉድሩ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስ የነበረውን የሲራራ ንግድ «ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ» ብዬ ዘርዝሬ አስጠንቻችኋለሁ። በፈተናም አምጥቼዋለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ «ሸቀጥ» ሁልጊዜ እዘል ነበር። ሰው። በባሶ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ወደ መተከል ቆላ እየተወረደ ጉሙዝ ይታደን ነበር። እነዚያን ሰዎች በስማቸው የጠራቸው አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ የስድብ ቃል «ሻንቅላ» ተብለው አለፉ። ስም የለሾች ማለት ይህ አይደለም?

«ይህ የጥንት ነገር ነው» የምትሉ፣ ቀኖቹን እንቁጠር። ዐፄ ቴዎድሮስም፣ ዐፄ ዮሐንስም፣ ዐፄ ምኒልክም የባሪያ ንግድን ከልክለዋል። አዋጁ በየዘመኑ መደጋገሙ ራሱ ምስክር ነው፤ የቆመ ነገር ሦስት ጊዜ አይከለከልም። በ1916 ዓ.ም. መስከረም ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው መከራከሪያ ባርነት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህ የእናንተ ቅድመ አያት ዘመን አይደለም፤ የእኔ አባት ዘመን ነው። እኔ ያደግሁት ከዚያ ዘመን ከመጣች ሴት ጋር ነው።

ይህንን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ያደግሁት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በአያቴ ቤት ነው። በዚያ ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች። ትልልቆቹ «ደስታ» ይሏታል፤ እኛ ልጆቹ «እማ ደስታ»። ደስታ የአያቴ አባት ያወጣላት ስም ነው፤ የማን ደስታ እንደሆነ እንግዲህ ፍረዱ። ገና ጡት የጣለች ልጅ ሆና ከዓባይ ማዶ መጣች ይባላል። «መጣች» ነው የሚባለው። ማን አመጣት፣ በስንት፣ ከማን እቅፍ፣ የሚል የለም። የድንጋይ ወፍጮው የእሷ ነበር። ከዶሮ ጩኸት በፊት ትነሣለች። እየፈጨች በማናውቀው ቋንቋ ታንጎራጉራለች፤ እኛ ደግሞ «የወፍ ቋንቋ» እያልን ከኋላዋ እንስቃለን። አንዳንዴ ዞራ አብራን ትስቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ቋንቋ ከእናቷ የቀራት ብቸኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም። በቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ምን ማለት ነው?» ያላት ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላልኳት።

በ1969 ዓ.ም. አረፈች። አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አለቀሰች፣ በወጉ ትቀበር ብላ ቄስ አስጠራች። ቄሱ ለፍትሐት ቆመው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ። ዝም። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ አጎቴ «ደስታ ነው የምንላት» አለ። «እሱ የቤት ስሟ ነው፤ የክርስትና ስሟን ነው የምጠይቀው» አሉ ቄሱ። መቼ እንደተጠመቀች፣ መጠመቋን ራሱ የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ዓመት ያህል የፈጨችውን የበላ ቤተሰብ ዙሪያዋን ቆሞ ስሟን አያውቅም። ቄሱ ትንሽ ቆዩና «ወለተ ማርያም እንበላት» አሉ። በዚያው ተፈታች።

የዚያን ዕለት ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ እንደ እንግዳ ነገር ብቻ ነው የታየኝ። ይህንን የሥዕል መጽሐፍ በስልክ ባትሪ ሳነብ፣ «ስም የለሾች» የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ነው ያ ዝምታ ተመልሶ የመጣብኝ። ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው፤ መንኮራኩር አለበት፣ ጋላክሲ አለበት። እኔን ግን የወሰደኝ ማንኩሳ ነው።

ማንኩሳን ካነሣሁ አይቀር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ማንኩሳ ነው፤ የበዛብህ የትውልድ ቀዬ። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አሁን ልብ ብዬ ሳየው ብላክ ፓንተር የወጣበትም ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1958 ነው። አንዱ መጽሐፍ ማንም ያልገዛው ሕዝብ ምን ያህል ታላቅ ሊሆን እንደሚችል ያልማል። ሌላው ማንም ያልገዛው ሕዝብ በአጥንት ቆጠራ የገዛ ልጆቹን እንዴት እንደሚበላ ያሳያል። እኛ ጎጃሞች ሁለተኛውን በሬዲዮ እየሰማን አለቀስንበት፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሳቅንባቸው፣ ጉዱ ካሳን ወደድነው። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋንና ልጃችንን ለሚጠይቅ ሰው አጥንት ልንቆጥር ሄድን።

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። አንድ በአንድ ልምጣ።

አንደኛ፣ «የእኛ ባርነት እንደ አሜሪካ አይደለም፤ እንደ ቤተሰብ ነበሩ» ትላላችሁ። ልዩነት እንዳለው እኔም አስተምሬያለሁ። ግን ቤተሰብ ከሆነች ስሟ ማን ነበር? ርስቷስ የት ነው? በጎጃም ርስት የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጥሮ አቅኚው ድረስ መድረስ ያልቻለ ሰው መሬት አይጠይቅም። እንግዲያው የአንድን ሰው ስምና ዘር ከነጠቅኸው መሬቱንም ነጥቀኸዋል። ስም ጌጥ አልነበረም፤ ስም እንጀራ ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የደርግን ሌላውን ኃጢአት ሁሉ ትተን፣ መሬት ለማግኘት «የማን ልጅ ነህ?» መባል ቀረ። ይህ ለማን ትልቅ ነገር እንደነበር አስቡት።

ሁለተኛ፣ «ይህ በአማራ ላይ የሚተኮስ ጥይት ነው፤ ሕዝቡ በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለ ጊዜው ነው ወይ?» ትላላችሁ። ይህ ጥያቄ ያመኛል፤ አላቃልለውም። እኔም እዚሁ ነው ያለሁት፤ የምትሰሙትን ሁሉ እሰማለሁ። ግን ሁለት ነገር ልበል። ባርነት የአንድ ብሔር ሥራ አልነበረም። ከዓባይ ወዲህም ወዲያም፣ ሰሜንም ደቡብም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሸጠበትና የገዛበት ነው። ሁሉም በየቤቱ ቄስ ጠርቶ መልስ ያጣላት አንዲት ደስታ አለችው። እኔ የምጽፈው ስለ እኔ ቤት ነው፤ የጎረቤቴን ቤት ጎረቤቴ ይጻፍ። ሁለተኛው ነገር ከታሪክ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን በዓለም ፊት ካቀረበቻቸው ሰበቦች አንዱ ባርነት ነበር፤ ነፃ አውጪ ነኝ ብላ መርዝ አዘነበችብን። ትምህርቱ «ስለዚህ እንደብቀው» አይደለም። ራስህ ያልጠረግኸውን ቤት ጠላት እጠርግልሃለሁ ብሎ ይገባበታል ነው።

ሦስተኛ፣ «አልፏል እኮ፤ ማን ያስታውሰዋል?» ትላላችሁ። ይህኛው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ለመጋባት ወሰኑ። ቀበሌውን አልጠቅስም፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ነው። ልጁን አስፈቅጄዋለሁ፤ «ስም ሳይነሣ ይጻፉት» ብሎኛል። ሁለቱም ተምረው ሥራ ይዘዋል። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ጠላው ሊጠመቅ ጌሾ ተገዛ። ከዚያ አንድ ሰው ለሙሽራዋ አባት በጆሮው «የልጁ እናት አያት እኮ ከዓባይ ማዶ የመጣች ናት» አለው። አለቀ። ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው እንላለን አይደል? ያን ዕለት የተቆጠረው ግን ሰው እንዳይቀላቀል ነው። ጌሾው ተሸጠ።

ልጁ ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። አላለቀሰም። «ቲቸር፣ ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ፈተናውን ደፍኜ ነበር፤ ያስታውሳሉ? ታዲያ እኔን ማነው የገዛኝ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ለአንድ ተማሪ መልስ አልነበረኝም። «አይዞህ» አልኩት። አይዞህ! ያ ቃል እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይመረኛል። መጽሐፉን የላከልኝ ማን እንደሆነ ገምታችሁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አገር ለቅቆ ሄደ፤ ከዓመታት ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የላከልኝ ነገር ይህ ነው። ደብዳቤ የለውም። ውስጡ አንድ ገጽ ጥግ ላይ ብቻ ታጥፏል፤ የትቻላ ስም የሚመለስበት ገጽ።

ስለዚህ «ዋካንዳ እኛ ነን» ስትሉ እኔ የሚታየኝ እሱ ነው። ኩራታችሁን ልነጥቃችሁ አይደለም። ዓድዋ የኔም ነው፤ የእሱም ነው፤ የእማ ደስታም ነው። ምናልባት ለዘማቹ ስንቅ የተቋጠረው እሷን በመሰለች ሴት እጅ ከተፈጨ ዱቄት ነው። እኔ የምለው ነፃነትን ከልብ የሚወድ ሰው በገዛ ጓዳው የታሰረውን አይቶ ማለፍ አይችልም ነው። ቅኝ አለመገዛት የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ያልተገዛው ሕዝብ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ የሚለው ደግሞ ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ደራሲዎቹ እኛ ነን። ቀድሞ የተጻፈውን መሰረዝ አንችልም፤ የተዘለለውን መጻፍ ግን እንችላለን።

ለድሮ ተማሪዎቼ የቤት ሥራ አለኝ። ጡረታ ስለወጣሁ ማርክ የለውም፤ ግን ሥሩት።

በየቤታችሁ ገና ትዝታ ያላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳያልፉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። «በቤታችን ማን ነበረች? ከየት መጣች? ስሟ ማን ነበር? ልጆቿ የት ናቸው?» በሏቸው። ይቆጧችኋል፤ ያኔ ቡና አፍልታችሁ እንደገና ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉት፤ ለመለጠፍ ሳይሆን እንዳይጠፋ። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ የባሶን ገበያ ስታስተምሩ ዝርዝሩን ሙሉ አድርጉት፤ የእኔን ስህተት አትድገሙት። ወላጆች የሆናችሁ፣ ልጃችሁ ሰው ይዞ ሲመጣ ስለ ጠባዩ ጠይቁ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ፣ ዝምድና ካለም ቁጠሩ። ከዚያ በላይ በጆሮ የሚመጣላችሁን ሹክሹክታ ግን ፊት ለፊት «እና ምን ይሁን?» በሉት። ሹክሹክታ በአደባባይ ሲጠየቅ ያፍራል፤ ሞክሩት።

የሥዕል መጽሐፍ የናቀው ተማሪዬም፣ ፍኖተ ሰላም ብቅ ካልክ ቤቴ ና፤ አውስሃለሁ። የታጠፈችውን ገጽ ብቻ እንዳትዘረጋት።

እኔ የራሴን የቤት ሥራ ጀምሬያለሁ። በሕይወት ያለች አንዲት የዘጠና ዓመት አክስት አለችኝ። ባለፈው እሑድ ሄጄ ስለ እማ ደስታ ጠየቅኋት። መጀመሪያ «ምን ልታደርግበት ነው?» ብላ ዞረችብኝ። ቆየች፣ ቆየችና፣ «ስሟንስ እንጃ፤ እየፈጨች የምትላት አንዲት ቃል ግን ነበረች» ብላ አንድ ቃል ነገረችኝ። ምን ቋንቋ እንደሆነ አላወቅሁም። እዚህ አልጽፈውም። ከዓባይ ማዶ ላሉ ወዳጆቼ አንድ በአንድ እየደወልኩ በጆሯቸው እያሰማሁ ነው። የእናት መጠሪያ ይሁን የእሷ ስም፣ የሚያውቅ እስካገኝ እቀጥላለሁ።

ቸር ያሰማን።